በየቀኑ የሚነበብ መጽሐፍ የክርስቲያን ቤት መሠረት ስለ መሆኑ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለአዘዞ ምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኢዮቤልዩ ማለት ምን እንደ ሆነ በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። በእስራኤል ዘንድ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ በዚያም ዓመት ከድህነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ፥ ለባርነት ያደረውም ነጻ እንዲወጣ ታዝዞ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የእልልታና የድግስ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሰው ከእጁ የወጣውን ርስት የሚጠይቅበት ዓመት ነው። ስለዚህ እኛም በዚህ በዓል፥ ከእጃችን የወጣ ርስት አለን ወይ ብለን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል። አዎን፥ አለን። ይኸውም ርስት ቅዱሳት መጻሕፍትን በቤታችን በየቀኑ ማንበብና በተነበበውም መኖር ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልእ በ22ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የንጉሥ ኢዮስያስን ታሪክ አስቡ። ንጉሡ በነገሠ በ18ኛው ዓመት የእግዚአብሔርን ቤት ለማደስ ገንዘብና ሠራተኛ አዘዘ። ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስም በዚያ ጊዜ የሕጉን መጽሐፍ በቤተ መቅደሱ ውስጥ አገኘ፤ ጸሓፊው ሳፋንም ለንጉሡ አነበበለት፤ ንጉሡም በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ። ልብ አድርጉ፥ ወገኖቼ፤ መጽሐፉ የጠፋው በባዕድ አገር አልነበረም፤ ጠላትም አልዘረፈውም። የጠፋው በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ፥ በካህናቱ እጅ፥ መሥዋዕቱ ሳይቋረጥ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ ሕንጻው ቆሞ፥ ጢሱም እየጤሰ፥ ሕዝቡም እየተሰበሰበ መጽሐፍ ሊጠፋ እንደሚችል ነው። ኢዮስያስም ሕንጻውን በማደሱ ብቻ አልተመሰገነም፤ የተገኘውን መጽሐፍ አስነብቦ በመስማቱና በሰማውም በማድረጉ ተመሰገነ።

በየቤታችን ያለው ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። በብዙዎቻችን ቤት መጽሐፍ ቅዱስ አለ። በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ተቀምጧል፤ ወይም ለታመመ ሰው፥ ለአራስም በራስጌ ይደረጋል፤ በእጅም ሲያዝ ይሳማል። ይህን ሁሉ አልነቅፍም፤ ቃሉን የሚያከብር ሰው መጽሐፉን ማክበሩ የተገባ ነውና። ነገር ግን በሩቅ አገር ያለ ልጇ ደብዳቤ የላከላት እናት ደብዳቤውን ተቀብላ ብትስመው፥ በደረቷም ብታቅፈው፥ ሳትከፍተውም በሣጥን ብታኖረው ምን ትጠቀማለች? ልጇ ታሞ እንደ ሆነ፥ ወይም በፋሲካ እመጣለሁ ብሎ እንደ ሆነ በምን ታውቃለች? ሳይከፈት የተሳመ ደብዳቤ ፍቅርን ያሳያል እንጂ የላኪውን ፈቃድ አያስታውቅም። የእግዚአብሔር መጽሐፍም እንደዚሁ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን፥ መጽሐፍ ቅዱስን ይዞ በቤት ማንበብ የሌሎች ሰዎች ልማድ ነው፤ የኛ ሥራ ጾምና ጸሎት፥ ስግደትና ቅዳሴ ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር የአባቶቻችንን ሥርዓት ካለማወቅ የመጣ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ፊደልና አቡጊዳ ከቈጠረ በኋላ ንባብ የሚለማመደው በምን ነበር? በመልእክተ ዮሐንስና በወንጌለ ዮሐንስ አይደለምን? ከዚያም ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ትልቅ ደስታ ነው፤ በየቤቱም ድግስ ተደግሶለታል። ይኸውም ዳዊት ለሳምንቱ ቀኖች ተከፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፥ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፥ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፥ ዓርብ ከ111 እስከ 130፥ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፥ እሑድም ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ውዳሴ ማርያምም በየዕለቱ ተከፍሏል። ለቅዳሴም ቢሆን ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ ከጳውሎስ መልእክታት፥ ከሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት፥ ከመዝሙርና ከወንጌል የሚነበበውን ለየበዓሉና ለየዕለቱ ለይቶ ያመለክታል። እንግዲህ በየቀኑ ማንበብ ከሌላ የተበደርነው ነገር አይደለም፤ የራሳችን ገንዘብ ነው፤ እኛ ተውነው እንጂ እርሱ አልተወንም።

ከጥንት አባቶችም ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በስብከቱ ሕዝቡን ሲመክር፥ በጉባኤ የሚነበበውን የወንጌል ክፍል አስቀድሞ እያንዳንዱ በቤቱ እንዲያነበው ይለምን ነበር። እኔ መነኵሴ አይደለሁም፤ ሚስትና ልጆች፥ ሥራና ሐሳብ አለብኝ የሚለውንም ሰው ይገሥጸው ነበር፤ ስለ ምን ቢባል፥ በዓለም መካከል የሚኖር ሰው በየቀኑ ይቈስላልና መድኃኒቱ ከመነኵሴው ይልቅ ለእርሱ ያስፈልገዋል በማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን አገር ታሪክ እንመለስ። ይህ አዘዞ የምንኖርበት ስፍራ ስለዚህ ነገር ብዙ የሚመሰክር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ ስፍራ ቤተ መንግሥትና የአትክልት ቦታ ሠሩ፤ ገነተ ኢየሱስ የተባለውንም ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ። ሃይማኖትንም በዐዋጅ ለመለወጥ በፈለጉ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም ግን ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ለቀቁ። ከዚያም በኋላ አዘዞ ተክለ ሃይማኖት የእጨጌው መቀመጫ ሆኖ በጎንደር ዘመን ታላቅ ክብር ነበረው። ከዚህ የምንረዳው፥ የንጉሥ ዐዋጅ ሃይማኖትን በሰው ልብ ሊተክል አለመቻሉን ነው። በልብ የሚተከለው በትምህርትና በንባብ፥ በየቀኑም በሚፈጸም ሥራ ነው።

የጎንደርም መጻሕፍት ያገኛቸው ነገር የታወቀ ነው። በ1859 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ባስመዘበሩ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1860 ዓ.ም መቅደላ በወደቀ ጊዜ ደግሞ 350 የሚያህሉት በእንግሊዝ ሠራዊት እጅ ባሕር ተሻገሩ። በ1880 ዓ.ም በጥር ወር ደርቡሾች ጎንደርን በወረሩ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በውስጣቸው የነበሩትም መጻሕፍት አብረው ጠፉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ ትምህርቱ ስለ ምን አልጠፋም? መልሱ ይህ ነው፤ በብራና የነበረው ቢቃጠል በሰው ልብ የነበረው አልተቃጠለምና ነው። ዳዊቱን በየቀኑ የደገሙ፥ የብሉዩንና የሐዲሱን፥ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን መጻሕፍት ከነትርጓሜያቸው በቃል የያዙ መምህራን ስለ ነበሩ፥ ከአመድ ላይ ተቀምጠው እንደ ገና አስተማሩ። ዓይናቸው የማያይ መምህራን እንኳ ተማሪው ሲያነብ ስሕተቱን በጆሯቸው ለይተው ሲያቀኑ ኖረዋል። ታላቁ መምህር ኤስድሮስም ወደ ጣና ደሴት ገብተው መጻሕፍትን ብዙ ዘመን ሲመረምሩ እንደ ኖሩ፥ ከዚያም የትርጓሜውን ትምህርት በጎንደር እንዳደረጁ ሊቃውንት ይተርካሉ። ከእሳቱ የዳነው ትምህርት ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ኖሮ የወንጌሉ ንባብ ከነትርጓሜው በ1916 ዓ.ም በአዲስ አበባ ታተመ። እንግዲህ በሣጥን ያለ መጽሐፍ ሌባም ይወስደዋል፥ ብልም ይበላዋል፥ እሳትም ያገኘዋል፤ በየቀኑ የተነበበ መጽሐፍ ግን ከባለቤቱ ጋራ ይኖራል።

በየቀኑም ባይሆን በየሳምንቱ ሳያቋርጡ ያነበቡ ሁለት ሰዎች ለአገራችን ያደረጉትን ደግሞ ልንገራችሁ። አቡ ሩሚ፥ በሌላ ስሙም አባ አብርሃም የሚባል የጎጃም ተወላጅ ከብዙ አገር ዙረት በኋላ በግብፅ አገር በካይሮ ተቀመጠ። በዚያም አስሊን የሚባል የፈረንሳይ መንግሥት ቆንሲል አገኘው፤ ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተስማሙ። ዐሥር ዓመት ሙሉ፥ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፥ ቆንሲሉ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከዚህ ኢትዮጵያዊ ጋራ ቃሉን በዝግታ፥ አንዱንም ቍጥር ሳይዘሉ ያነቡ ነበር። በመጨረሻም 9,539 ገጽ ያለው ጽሑፍ ወጣ። ከዚህም ጽሑፍ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1824 ወንጌል፥ በ1829 ሐዲስ ኪዳን፥ በ1840 ዓ.ም መላው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታተመ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዐሥር ዓመት አልተቋረጠም። ጥቂት በጥቂት ሳይቋረጥ የተሠራ ሥራ ታላቅ መሆኑን ከዚህ ዕወቁ።

ከዚያ ወዲህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተዘጋጀው ትርጉም በ1954 ዓ.ም ታተመ፤ በ2000 ዓ.ም ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን 81ዱን መጻሕፍት በአማርኛ አሳትማ አወጣች። አባቶቻችን አንድ መጽሐፍ በእጅ ለማስጻፍ ብዙ ቆዳ ያስፍቁ፥ ለጸሓፊውም ወራት የሚፈጅ ቀለብ ይሰፍሩ ነበር። እኛ ግን በትንሽ ገንዘብ እንገዛዋለን፤ በእጅ ስልካችንም ይዘነው እንዞራለን። ማመካኛችን ሁሉ እንግዲህ ተወስዶብናል።

ነገር ግን ንባብ ያለ መምህር፥ ዕውቀትም ያለ ትሕትና አደጋ እንዳለበት መናገር ይገባኛል። በግብረ ሐዋርያት በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የሕንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። በሐዲስ ኪዳን የምናገኘው ኢትዮጵያዊ፥ እነሆ፥ መጽሐፍ በእጁ የያዘ አንባቢ ነው! ይህም ለኛ ትልቅ ክብር ነው። ፊልጶስ ግን የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ ጃንደረባው በሹመቱ አልታበየም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናግሮ መምህሩን ከጎኑ አስቀመጠ። ስለዚህም ንባቡ ወደ ጥምቀት አደረሰው። እኛም ያልገባንን ስናገኝ እንደ ልባችን አንተርጕም፤ አመልክተን ይዘን ወደ የኔታ፥ ወደ ንስሓ አባታችን፥ ወደ ጉባኤው እንሂድ። አባቶች ካህናትም ሆይ፤ ጠያቂ በመጣባችሁ ጊዜ ደስ ይበላችሁ፤ የሚጠይቅ ምእመን ያነበበ ምእመን ነውና።

ለክርክር ብቻ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚያተርፍም ታሪካችን ያሳየናል። በጎንደር ዘመን ስለ ቅባትና ስለ ጸጋ የተነሣው ክርክር ስንት ጉባኤ አስደርጓል፤ ስንት ሰውም ከአገሩ ተሰድዷል፥ ሞቷልም! ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪያደርጉ ድረስ ነገሩ አልበረደም። ትክክለኛውን ሃይማኖት መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ሰውን ለመርታት ብቻ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን እንደ ጦር ይይዘዋል። መጽሐፉ አስቀድሞ የተጻፈው አንባቢውን ራሱን ሊመረምር ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ እንዴት እንጀምር? በሦስት ነገር እጠቀልለዋለሁ።

መጀመሪያ፥ ጥቂት ይሁን እንጂ አይቋረጥ። አራቱ ወንጌላት በጠቅላላው 89 ምዕራፍ ናቸው፤ ማቴዎስ 28፥ ማርቆስ 16፥ ሉቃስ 24፥ ዮሐንስ 21። በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው መስከረም 1 ቀን ቢጀምር ኅዳር 29 ቀን አራቱንም ይፈጽማል። 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት 260 ምዕራፍ ናቸው፤ በዚሁ ልክ ቢቀጥል ግንቦት 20 ቀን ይጨርሳል። አንድ ምዕራፍ ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ቡናው ተቈልቶ አቦሉ እስኪወርድ ያለውን አያህልም። ቡና ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ቤት ለቃለ እግዚአብሔር ጊዜ አጣሁ ሊል አይችልም።

ሁለተኛ፥ ንባቡ የቤቱ ሁሉ ይሁን። ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት አሉ፤ በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ለይተው ኋላም ዓይናቸው የደከመ አሉ። ለነዚህ ልጅ ያንብብላቸው። ልጁ በማንበቡ፥ ሽማግሌው በመስማቱ፥ ሁለቱም ዋጋ ያገኛሉ። ልጁ የተሳሳተውን ቃል አያቱ ያቀኑለታል፤ አያቱም ከልጁ አፍ ወንጌልን ይሰማሉ። ከዚህ የበለጠ የሰንበት ትምህርት ቤት የት ይገኛል? በእጅ ስልክ የሚያነብም መልካም ነው፤ ብቻ በሚያነብበት ሰዓት ሌላውን መልእክት ይዝጋው፤ አስሊን ደጁን ለእንግዳ ሁሉ እንደ ዘጋ አስቡ።

ሦስተኛ፥ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋራ ይያያዝ። ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ወንጌል ከካህኑ ጠይቃችሁ በአማርኛ አንብቡት። በማግሥቱ ዲያቆኑ ምስባኩን ሲሰብክ፥ ካህኑም ወንጌሉን በግዕዝ ሲያነብ እንደ እንግዳ አትቆሙም፤ የምታውቁትን ነገር ትሰማላችሁ። ስብከቱም በታረሰ መሬት ላይ እንደ ተዘራ ዘር ይሆናል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም ከሁሉ ይበልጣል። ያነበብነው በሥራ የማይገለጥ ከሆነ ንባባችን ከንቱ ነው። በአገራችን ስለ ድንበርና ስለ ውርስ፥ ስለ ቂምና ስለ ደም የሚደረገውን ታውቃላችሁ። ወንድማማች በአንድ ጥማድ መሬት ተጣልቶ ሳይነጋገር ይኖራል፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፥ ሁለቱም ግን በተለያየ በር ይወጣሉ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ ወንድሙ የተቀየመበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። ይህን ምዕራፍ በጠዋት በልጆቹ ፊት ያነበበ አባት፥ በቀትር ወደ ሸንጎ ሄዶ በወንድሙ ላይ በሐሰት ሊምል እንዴት ይችላል? ቢምልም እንኳ በማታ ልጁ መጽሐፉን ሲከፍት ያፍራል። እንዲህ ያለ ኀፍረት የንስሓ በር ነው። መጽሐፍ የማይነበብበት ቤት ይህን በር እንኳ አያገኘውም።

የመከራም ቀን አለ። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም በጦርነቱ ምክንያት በዚሁ በአዘዞ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሮኬት በወደቀ ጊዜ የነበረውን ምሽት የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ከዚያም ወዲህ በየቤቱ የገባውን ሐዘን እናንተ ከኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው መብራት አብርቶ መጽሐፍ ሊያገላብጥ አይችልም፤ በአፉ የሚመጣለት አስቀድሞ በልቡ ያኖረው ብቻ ነው። ዳዊትን የደገመች እናት በጨለማ ልጆቿን አቅፋ የምትለው ቃል አላት። ሰላም ሳለ ያላከማቸ ሰው ግን በመከራ ቀን ከፍርሃት በቀር የሚናገረው አያገኝም። የዮሴፍም ጥበብ ይህ ነበር፤ በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህሉን ሰብስቦ በረኃቡ ሰባት ዓመት ሕዝቡን መገበ።

ስለዚህ፥ ወገኖቼ ሆይ፥ ለዚህ በዓል ቤተ ክርስቲያናችንን ያሳመርነውን ያህል ቤታችንንም በቃሉ እናሳምር። የነገ ዓመት ይደርሳል አትበሉ። ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትገቡ መጽሐፉን ከጨርቁ አውጡት፤ የማርቆስን ወንጌል የመጀመሪያውን ምዕራፍ ግለጡ፤ ከልጆቻችሁም ታናሹ አንባቢ ያንብብ፤ ሌላው ዝም ብሎ ይስማ። ካነበባችሁ በኋላ፥ ከዚህ ውስጥ ነገ የምናደርገው የትኛው ነው ብላችሁ አንዱን ነገር ምረጡ፤ አቡነ ዘበሰማያትም ደግማችሁ ተኙ። በማግሥቱም ሁለተኛውን ምዕራፍ ጨምሩ።

የአባቶቻችንን የቅዱሳን ሐዋርያትንና የሊቃውንትን ቃል የሰጠን አምላክ፥ አንብበን የምናስተውል፥ አስተውለንም የምናደርግ ያድርገን፤ ለአገራችን ሰላምን፥ ላዘኑት መጽናናትን፥ ለተጣሉት ዕርቅን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።